ጋሼ ታዳጊው

«ጋሼ፣ ኳሷን!»

ከ15 ዓመት በታች ቡድን ልምምድ ላይ ይህን ጥሪ የሰማ መንገደኛ አሰልጣኙ የተጠራ ይመስለዋል። የተጠራው ግን የመሐል ተከላካዩ ነው። ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ የመጣ፣ ለታናናሾቹ ሻይ የሚጋብዝ፣ ከአሰልጣኙ ጋር «ያኔ እኛ ስንጫወት» እያለ ትዝታ የሚያወጋ ታዳጊ። ልጆቹ አስተዳደግ አላቸውና ታላቅን በስሙ አይጠሩም።

ይህ ዕድሜ የመቀነስ ጥበብ የአቃቂ ቃሊቲ ብቻ አይደለም፤ ኳስ ባለበት ሰፈር ሁሉ አለ። ክርና ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና መለዋወጫ ሲመረት በኖረበት ክፍለ ከተማ ግን ወጣትነትም ቢመረት ማን ይገረማል? የፕሮጀክት ልጆች አቧራ ሜዳ ላይ ሲለፉ ከርመው የውጭ ጉዞ ወሬ በነፈሰ ሰሞን፣ አምና 19 የነበረው ዘንድሮ 15 ይሆናል። ሳይንስ እርጅናን ለመግታት ስንት ገንዘብ ያፈስሳል፤ እዚህ አንድ ማኅተምና አንድ አዛኝ እጅ ይበቃል።

ዘዴውን ማቃለል ነውር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከ4 ዓመት በኋላ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከእነሱ በፊት የመጣው ተጫዋችማ የሚወለደው ፓስፖርት ያስፈለገው ዕለት ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም ያግዛል። በ2000 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሰው «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ከጣለ 2000 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። 3 ፊደል ጥሎ 7 ወይም 8 ዓመት አተረፈ። እንዲህ ያለ ንግድ መርካቶም የለም።

ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑ ነው። ኦስሎ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖርዌይ ዋንጫን፣ ጎተንበርግ ከ1975 ጀምሮ የጎቲያ ዋንጫን ለዓለም ታዳጊዎች ያዘጋጃሉ። በእንዲህ ያለ ጉዞ እንግዳ ቡድን ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ያድራል፤ አንዳንዴም ልጆቹ ለፈቃደኛ ቤተሰቦች ይከፋፈላሉ። እንበልና ጋሼ ታዳጊው ለአንዱ ቤት ደረሰ። የቤቱ እመቤት ማታ 3 ሰዓት ላይ ወተት ታጠጣዋለች፣ የድብ አሻንጉሊት ከጎኑ ታስተኛለታለች፣ መብራት አጥፍታ ትወጣለች። እሱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሚስቱን በስልክ «ልጁ ተኛ?» ይላል። ተቀባይዋ ሐበሻ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ «ና ግባ የኔ ልጅ» ብላ በሩን ትከፍትና ቀና ብላ ስታየው «ይግቡ» ብላ ትጨርሳለች።

ፊፋ ግን ቀልድ አያውቅም። በ2009 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ባዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት ጀመረ። የአንጓ አጥንት የእድገት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከ17 ዓመት በፊት ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ማሽኑ ደግሞ የወረዳ ማኅተም ማንበብ አይችልም። ካሜሩን በ2023 መባቻ ለማጣሪያ ያዘጋጀቻቸውን 30 ታዳጊዎች ብታስመረምር 21ዱ ወደቁ። ሜክሲኮ ዕድሜ ያለፋቸውን በወጣቶች ማጣሪያ በማሰለፏ በ1988 ለ2 ዓመት ታግዳ የሴኡል ኦሊምፒክና የ1990 የዓለም ዋንጫ አመለጧት። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ለልጆች ማዘን የት ሄደ?

ስጋቱ ሰፈር ድረስ ደርሷል። አቃቂ ውስጥ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር 2 ወርቅ ካመጣች በኋላ በስሟ የተጠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። እዚያ የሚወለድ ሕፃን ዛሬ ቀኑ በወረቀት ይጻፍለታል። ወላጆቹ ሊያስቡበት ይገባል፤ ገና በጨቅላነቱ የእግር ኳስ ተስፋው እየተበላሸ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል የ14 ዓመት ልጅ የሆነ የ14 ዓመት ልጅም አለ። ታኬታው የታላቅ ወንድሙ ስለነበር ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። ከጋሼ ጋር ሲጋፈጥ እንደ ዶሮ ላባ ይበተናል፣ ስለዚህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከረመ። የታዳጊ ቡድኑ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ አጣው። አሰልጣኙን ቢጠይቅ የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «አንተ ገና ልጅ ነህ።»