አትንኩብኝ፣ አልነካውምም

ፕሮግራመር ሪፖውን (የኮድ ማኅደሩን) ምን ያህል እንደሚወድ የሚታወቀው «ሊጠፋ ነው» ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 የኮድ ማስቀመጫው ጊትላብ በነፃ ከሚገለገሉ ደንበኞቹ ዘንድ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ፕሮጀክት ሊሰርዝ አስቧል፣ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላርም ይቆጥብበታል የሚል ወሬ ወጣ። ጉድ ፈላ! የሪፖውን ስም እንኳ የዘነጋው ሁሉ እሪ አለ። አጎቱን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሳይጠይቅ ኖሮ፣ ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ደረቱን የሚደቃ ዘመድ ታውቁ የለ? ኩባንያው ነገሩን ትቶ፣ የተኙትን ሪፖዎች ዘገም ወዳለ ማከማቻ አዛውራለሁ፣ የፈለጋቸው ሰው ትንሽ ታግሶ ያገኛቸዋል አለ። ለቅሶው በረደ። ሄዶ የከፈተ ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።

ሌላው የኮድ ማስቀመጫ ጊትሃብ ላይ እኮ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ «አርካይቭ» የሚል ቁልፍ አለ። ኮዱ ይነበባል፣ ይገለበጣል፤ ግን አይነካም፣ አዲስ ጥያቄም አይቀበልም። ባለቤቱ ሐሳቡን ከቀየረ መልሶ ይከፍተዋል። ማን ይጫነው? መጫን እኮ «አልጨረስኩትም፣ አልጨርሰውምም» ብሎ መፈረም ነው። ስለዚህ ሪድሚው ላይ «በቅርብ ቀን» የሚለው ጽሑፍ ዓመት እየቆጠረ ይቀመጣል። የመጨረሻው ኮሚት «አሁን የምር የመጨረሻው» ይላል፤ ከሱ በፊት ያለውም እንደዚያው።

ደፍሮ የዘጋውም አያስችለውም። አንድ እሁድ ማታ ትዝ ይለውና ይከፍተዋል። ሊያስነሣው ሲሞክር፣ ኮዱ የሚጠራቸው ላይብረሪዎች ግማሾቹ ተለውጠዋል፣ ግማሾቹ ከነአካቴው የሉም። የለውጥ መዝጋቢው ጊት የፕሮጀክቱን ኮድ ታሪክ ከነጥቃቅኑ ይዞ ቆይቷል፤ ከውጭ የተዋሰውን ግን አላስቀመጠለትም። እኩለ ሌሊት ድረስ ይታገልና ሪድሚው ላይ አንድ የፊደል ግድፈት አርሞ ይተኛል። ገጹ «ዛሬ ተሻሻለ» ይላል። ፕሮጀክቱ ሕያው ነው ማለት ነው!

ሪፖህን አርካይቭ አድርገው ሲሉት የሚያኮርፈው ይኸው ሰው፣ ሌላ ሰው በክብር ሲያስቀምጥለት ግን ደስታውን አይችለውም። በጁላይ 2020 ጊትሃብ 21 ቴራባይት ኮድ በ186 ጥቅል ፊልም ቀርጾ፣ ኖርዌይ ስቫልባርድ ውስጥ በተተወ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ አኖረ፤ 1,000 ዓመት ይቆያል ተብሎ። ሊኑክስም ገባ፣ የስንቱ ጀማሪ ልምምድም ገባ። አስተዋጽኦ ላደረጉ ሁሉ በፕሮፋይላቸው ላይ ባጅ ተሰጠ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያረመውም አልቀረበትም፤ ሲቪው ላይ «ልዩ ሽልማት» በሚለው ሥር አስገብቷታል።