አዲሱን ዳሌ ከነባለቤቱ አልጋ ላይ ለማስቀረት

የዳሌ መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ የተተካለትን ሰው ዳግም እንዳይራመድ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም። ጠላት አያስፈልገውም፤ የሚሳሱለት ልጆች፣ የሚያዝኑለት ጎረቤቶችና ለስላሳ ፍራሽ ይበቃሉ። ከዚህ በታች የጥፋቱን መንገድ በምክር መልክ እጽፋለሁ። ማንም እንዲከተለው አይደለም፤ በየቤቱ በፍቅር የሚሰጠው ምክር ተሰብስቦ ሲነበብ ወዴት እንደሚያደርስ በግልጽ እንዲታይ ነው። ክርክሬ አንድ ነው፦ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ልበ ሙሉነት ከመራመድ ቀድሞ አይመጣም፤ የሚገኘው በመራመድ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ታካሚ፣ ቀዶ ሐኪሙ የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን፣ የሕክምናውን ፍሬ ሳያየው ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው የጥፋት ምክር ይህ ነው፦ ፍርሃቱ እስኪለቅዎት ይተኙ። ጠያቂው ሁሉ «ቀስ ይበሉ፣ ሰውነትዎ ይጠገን» ይልዎታል፤ አጥሚቱም ሾርባውም እዚያው አልጋው ድረስ ይመጣል። ሰውነት ግን በመተኛት አይጠገንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዕድሜ የገፉ ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ አቆይቶ ለካቸው፤ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ ምንም ያልታመሙ ሰዎች ነበሩ። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በሕመሙ ዓመታት ሲያነክስ የከረመ፣ የመቀመጫውና የታፋው ጡንቻ ቀድሞውኑ የሰለለ ነው። በዚያ ላይ መተኛቱ ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያግዛል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ይቀጥፋል። ሐኪሞች ለሳምንታት የሚወሰድ የደም ማቅጠኛ የሚያዙት፣ ታካሚውንም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የሚያስነሱት ለዚህ ነው።

የአእምሮውም ነገር ከዚህ አይለይም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ ሲመረምር ከሌሎቹ ሁሉ የሚበረታው ምንጭ ራሱ ሠርቶ መሳካቱ መሆኑን አስረድቷል። ማበረታቻ ቃል ይረዳል፤ ሌላው ሲሳካለት ማየትም ይረዳል። ከአልጋ እስከ መስኮቱ በራስ እግር ሄዶ መመለስን ግን ምንም አይተካውም። ፍርሃቱ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱን የሚያጠፋውን ዋናውን መድኃኒት ሳይወስድ ይውላል፤ በየቀኑ ባለመነሳቱም «አለመነሳቴ ነው ያዳነኝ» የሚል የተሳሳተ ማስረጃ ያጠራቅማል።

ሁለተኛው ምክር፦ ውስጥዎ የገባው ዕቃ ብርጭቆ ነው ብለው ያስቡ። በርካታ ሰው እንዲህ ያስባል፤ አይፈረድበትም፣ ምን እንደገባለት ያሳየው የለምና። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት የዳሌ ቅያሪ እ.ኤ.አ. በ1962 መሥራት ሲጀምር ዋናው ጭንቀቱ መገጣጠሚያው የዓመታት እንቅስቃሴና ሰበቃ እንዲችል ማድረግ ነበር። መጀመሪያ የሞከረው ቴፍሎን ቶሎ እየተበላ አሳፈረው፤ ከዚያ ነው ወደ ጠንካራው ፖሊኢቲሊን ፕላስቲክ የዞረው። በበርሊን እነ ጌኦርግ በርግማን መለኪያ የተገጠመላቸውን ሰው ሠራሽ ዳሌዎች ተጠቅመው እንዳሳዩት፣ በተራ እርምጃ ብቻ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ዕቃው የተሠራው ለዚህ ጫና ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የመረጃ ጥንቅርም ከተተኩት ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። አጥንታቸው ተሰብሮ የተሠራላቸው ወይም ዳሌያቸው ለሁለተኛ ጊዜ የተቀየረ ሰዎች ለጊዜው ሙሉ ክብደት እንዳያሳርፉ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ እሱ ሐኪሙ በስም ለይቶ የሚናገረው ትእዛዝ ነው። ያልተነገረውን ክልከላ ራሱ ፈጥሮ የሚኖርበት ታካሚ ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛውን ምክር የሚፈጽሙት ቤተሰቦች ናቸው፦ ምንም ነገር አያስነኩት። ከወንበር መነሳትን ቀረብ ብለን እንየው። ታካሚው ወደ ወንበሩ ጫፍ ይንሸራተታል፤ የተሠራውን እግር ጥቂት ወደ ፊት ያስቀድማል፣ ደህናውን ከጉልበቱ ሥር ያደርጋል፣ በሁለት እጁ የወንበሩን መደገፊያ ተጭኖ ብዙ ሳያጎነብስ ይነሳል፤ ቆሞም ከመራመዱ በፊት ትንፋሽ ይወስዳል። ይህን ሲያደርግ ታፋው፣ መቀመጫውና ክንዱ ሠርተዋል፤ ልቡም ተምሯል። ልጁ ሮጦ በብብቱ ገብቶ ሲያነሳው ግን ሰውነቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክብደቱ ልጁ ላይ ይወድቃል፣ ጡንቻው ያርፋል። የሚማረውም «ያለ እሱ አልነሳም» የሚለውን ነው። የሚረዳ ሰው በተሠራው ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል፤ እጁ ዝግጁ ነው፣ ግን አይነካም። ለሚወድ ሰው ይህን ያህል ከባድ ነገር የለም፤ አባቱ ሲንቀጠቀጥ እያየ እጁን መሰብሰብ አለበት። ያም ቢሆን ከሚያቀርብለት ስጦታ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ምርኩዙም እንዲሁ ነው። የጥፋቱ መንገድ ምርኩዙን በተሠራው እግር በኩል መያዝ ነው፤ ሳያስተምሩት ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትክክሉ በተቃራኒው እጅ ነው። በአንድ እግር ስንቆም ወገባችን ወደ ሌላው ጎን እንዳይዘነብል የሚይዘው የዚያ ዳሌ የጎን ጡንቻ ነው፤ ምርኩዙ ከማዶ ሲደግፍ የዚህን ጡንቻ ሸክም ያቃልላል፣ ማነከሱም ይቀንሳል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የተሠራው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ዳሌው ውልቅ ቢልስ?» ይባላል። ውልቃት በእርግጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ይከሰታል። ስለዚህ ከልክ ያለፈ ድፍረትም የጥፋት ምክር ነው፦ ከሆስፒታል በመጡ በሳምንቱ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጠው ቡና ያፍሉ፣ እግርዎን ያነባብሩ፣ የወደቀ ነጠላ ጫማ ለማንሳት እጥፍ ይበሉ፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ይበሉ። በተለይ ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተሠራ ዳሌ፣ ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ከፍ ብሎ እግሩ ወደ ውስጥ ሲዞር ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው። ለዚህ መልሱ ከፍ ያለ ወንበር፣ መቀመጫው ከፍ የተደረገ ሽንት ቤት፣ ሲተኙም በጉልበቶች መካከል የሚገባ ትራስ ነው፤ ሐኪሙ እስከወሰነው ጊዜ ድረስ። ክልከላው ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ፣ እንደ ቀዶው አቅጣጫና እንደ ሐኪሙ ግምገማ እንደሚላላም ልብ ይሏል። ውልቃትን የሚያመጡት የታወቁ ጥቂት አቀማመጦች ናቸው፤ ቀጥ ብሎ መራመድ ከእነሱ አንዱ አይደለም። ወሰኑ የታወቀ ጥንቃቄ ሰውን ያራምደዋል፤ ወሰን የሌለው ፍርሃት ግን ዱካውንም ኮሪደሩንም እኩል ይከለክለዋል።

«መውደቅስ?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ አረጋዊ ሲወድቅ ያየ ቤተሰብ ይህን ቢል አይገርምም። ሆኖም የመውደቅ ፍርሃት ራሱ አደጋ ያመጣል። አሜሪካዊቷ የአረጋውያን ሐኪም ሜሪ ቲኔቲ እ.ኤ.አ. በ1990 ከባልደረቦቿ ጋር ይህን ፍርሃት የሚለካ መጠይቅ ያዘጋጀችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚፈራ ሰው እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ይደክማል፣ ሲደክም ሚዛኑ ይጠፋል፣ የፈራውም ይደርስበታል። መጠንቀቅ የሚገባው ቤቱን ነው፦ የተጣጠፈው ምንጣፍ ይነሳ፣ የሌሊቱ መብራት አይጥፋ፣ ተረከዝ የማይዘው ነጠላ ጫማ በሚይዝ ጫማ ይለወጥ።

ሕመሙን በሚመለከት የጥፋቱ ምክር ሁለት ጽንፍ አለው፦ በትንሹ ሲያም ሁሉን ነገር ያቁሙ፣ ወይም ምንም ቢያም ዝም ይበሉ። ከእንቅስቃሴ በኋላ የሚመጣና በዕረፍት የሚበርድ ሕመም፣ ለሳምንታት የሚቆይ እብጠት፣ መጀመሪያ ላይ እግር የረዘመ መምሰሉ የተለመዱ ናቸው፤ ካልበረዱ ለሐኪሙ ይነገራሉ። ባት ሲያብጥና ሲያቃጥል፣ ትንፋሽ በድንገት ሲያጥር፣ ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣ ወይም ትኩሳት ሲመጣ፣ ድንገተኛ ሕመም መጥቶ እግሩ አጥሮ ሲዞርና መቆም ሲያቅት ግን ሰዓት አይፈጅም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት በዚህ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው። የረጋ ደም ሊነቀል ይችላል፤ የወለቀው ዳሌም የሚመለሰው በራጅ ታይቶና ታካሚው ሕመም እንዳይሰማው ተደርጎ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት በየከተማው የለም፣ ቢኖርም ያስከፍላል። ችግሩ እውነት ነው፣ ያሳዝናልም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያስፈልገው ሥራ ብዙው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፦ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ መቀመጫን ጭብጥ አድርጎ መልቀቅ፣ ጠረጴዛ ይዞ እግርን ወደ ጎን ማንሳት፣ በቀን ደጋግሞ አጭር መንገድ መሄድና በየጊዜው ጥቂት መጨመር። ይህን የሚያሳይ ባለሙያ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ መገናኘት ብዙ ያተርፋል። ስለዚህ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት አይገባም። በወረቀት የሚጻፉት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው፦ ዳሌዬ በየት በኩል ተሠራ? ክልከላው መቼ ያበቃል? ሙሉ ክብደት ላሳርፍ? ምርኩዙን መቼ ልተው? መኪና መቼ ልንዳ? ለስግደት ልንበረከክ እችላለሁ ወይስ ወንበር ላይ ልጸልይ? ያን ወረቀት ይዞ ቤተሰቡም ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ መልሱን አብሮ ይስማ፤ እቤት ሲመለሱ «አይነሱ» የሚለው እሱ ነውና።