ስለ መራቅ ዓይነቶች፦ ከጋፋት የተገኘ መጠነኛ ጥናት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ ሰው ከሰው እንዴት እንደሚርቅ የሚያስረዳ ዕውቀት በደቡብ ጎንደር አልነበረም። መቀራረቡንማ ማንም አስተምሮን አያውቅም፤ አብሮን ይወለዳል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ከዚያ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ገብሱ፣ በጉና ተራራ በኩል ስላለው ደመና ይጠየቃል። ጠያቂው መልስ ሳይጠብቅ ይቀጥላል፤ ተጠያቂውም ጥያቄው ሳያልቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የመጣበትን ጉዳይ የሚያስታውሰው ተሰናብቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው፤ ተመልሶም እንደገና ሰላም ይላል።

መንግሥት መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በዚያው ወር ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀናት ከእንቅስቃሴ ታገዱ። መጋቢት 30 ደግሞ ለ5 ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መጨባበጥ ቀረ፣ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ቀረ። በሽታው በየቤቱ ለቅሶ አስቀምጧል፤ ይህ ጥናት ያንን አይነካም። የሚያጠናው ጤነኛውን ሰው ነው፤ ጤነኛው ራቅ በል ሲባል ምን እንዳደረገ።

በሌላው ዓለም ያለው ምላሽ በሚገባ ተመዝግቧል። ጣሊያኖች ሰገነት ላይ ወጥተው ዘፈኑ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ዱቄትና እርሾ ከመደብር እስኪጠፋ ድረስ ዳቦ መጋገር ተያያዙ፤ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ቀን ሲቆይ በራሱ ጊዜ እንደሚቦካ ደርሰውበትም ፎቶውን ለዓለም አሠራጩ። ፎቶውን በልጇ ስልክ ያየች አንዲት የጋፋት እናት ብዙ ካሰበች በኋላ «እስከ ዛሬ ምን ሲበሉ ኖረው ነው?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄው እስካሁን ምላሽ አላገኘም።

ስለ ጥናቱ ቦታ አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ስትነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ባለ እጆች እዚህ አስቀምጠው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ትልቁም መድፍ ገደል ለገደል ተጎትቶ መቅደላ ወጥቷል። የተዘነጋው መንደሩ ሰው በማቆየት ያለው የቆየ ልምድ ነው። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በጣና ዳር የሰፈረውን ሠራዊት ኮሌራ ሲፈጀው ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች ሆርሙዝድ ራሳም፣ ዶክተር ሄንሪ ብላንክና ሌፍተናንት ዊልያም ፕሪዶም ያን ጊዜ ጋፋት ተቀመጡ። ቆይታቸው በ14 ቀን አላበቃም፤ ወደ መቅደላ ተሸጋግረው የወጡት በ1860 ዓ.ም. ፋሲካ ነው። ራሳም እዚያ አምባ ላይ አትክልት ተከለ። ተዘግቶ የተቀመጠ ሰው ለእጁ ሥራ እንደሚፈልግ፣ እንግዲህ፣ ከኛ በፊትም ይታወቅ ነበር።

ይህ ጸሐፊ በጋፋት ያያቸውን ምላሾች በሰባት ዘርፍ ከፍሏቸዋል።

ዘርፍ አንድ፣ ልኬት። የጤና ባለሙያዎች ሰው ከሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲራራቅ መከሩ፤ የአዋቂውን ቁመት ግን አልነገሩንም። ከጉና ሥር የመጣ ድንች ሻጭ ሁለት ጊዜ ሲራመድ የገበያውን እኩሌታ ያቋርጣል። ገዢዋ እናት በእሷ እርምጃ ሁለት ብትል ገና ከጆንያው ጥላ አልወጣችም። ሁለቱም ምክሩን አንዲት ሳያጓድሉ ፈጽመዋል። በዚህም በሌላ አገር ሒሳብ ያልታየ ውጤት ተገኝቷል፤ ከሻጩ ወደ ገዢዋ ያለው ርቀት ከገዢዋ ወደ ሻጩ ካለው ይበልጣል። ዋጋ ሲጀመር ደግሞ ከሁለቱም በኩል ዜሮ ይሆናል።

ዘርፍ ሁለት፣ ጭንብል። አገጭ ላይ የሚታሰረው ማስክ በመላ አገሪቱ የታወቀ ስለሆነ ይታለፋል። የጋፋት አስተዋፅኦ ጋቢ ነው። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ወንዱ ከጥንትም ማለዳ ሲወጣ አፍና አፍንጫውን በጋቢ ሸፍኖ ነው፤ አዋጁ ሲነበብለት ግዴታውን ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲወጣ እንደኖረ ተረዳ። ፀሐይ ሲሞቅ ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ በሽታውም ከዚያ ሰዓት በኋላ የሚሠራ አይመስለውም። በሴቶች በኩል ነገሩ ይከብዳል። ነጠላ ወደ አፍ ሲሳብ ጥለቱ ወደ ላይ ይመጣል፤ ተዘቅዝቆ የተለበሰ ነጠላ ደግሞ የሐዘን ነው። ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች አንዲት የሰፈራችን ሴት መንገድ ላይ «ምነው፣ ማን አረፈ?» እየተባለች ስትቆም ስትሄድ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሳይጠይቋት አለቀሱላት። አብራቸው አለቀሰች። ሰው እያለቀሰ ዝም ማለት ነውር ነው።

ዘርፍ ሦስት፣ ስልክ። በዚያ ሰሞን ስልክ የሚደውል ሰው በጥሪው ድምፅ ፋንታ ስለ ኮሮና የሚመክር የተቀዳ ድምፅ ይሰማ ነበር። ወጣቱ ምክሩ እስኪያልቅ ስልኩን ከጆሮው ያርቃል። እናቶቻችን እንዲህ ያለ ብልግና አያውቁም። አዲስ አበባ ያለ ልጇ ጋ የደወለች እናት ምክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጣ፣ በየመሀሉ «እሺ ልጄ» ብላ፣ ሲያበቃ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተም ተጠንቀቅ» ብላ ትዘጋዋለች። ልጅ ያልተነሳ ጥሪ ያያል፣ ይደነግጣል፣ በራሱ ሒሳብ መልሶ ይደውላል። ይህ ጸሐፊ መጀመሪያ ነገሩን ለየዋህነት ሰጥቶት ነበር። እናቶቹ አራት ወር ሙሉ የስልክ ካርድ እንዳልገዙ ከታወቀ በኋላ ግን ምደባው ወደ ኢኮኖሚ ክፍል ተዛውሯል።

ዘርፍ አራት፣ የካብ ቡና። ይህኛው በዝርዝር መታየት አለበት።

ቡና ብቻውን አይጠጣም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ጎረቤት ሳይጠሩ የተጠጣ ቡና ለሆድም ለስምም ጥሩ አይደለም። ጎረቤት ቤት ድረስ መግባት ሲያስፈራ፣ ዓይን ያረፈው አጥር ላይ ነው። አጥር ሁሉ ግን ለቡና አይሆንም። ቆርቆሮ ወሬ እንጂ ሲኒ አያሳልፍም። የባሕር ዛፍ አጣና በቀዳዳው ሲኒ ያሳልፋል፤ ሲኒው እስኪሾልክ ሲያጋድሉት ግን ቡናውን የሚጠጣው አጣናው ነው። ቁልቋል አይነሳ። የቀረው የድንጋይ ካብ ነው። ካብ ወገብ ድረስ ይደርሳል፣ አናቱ ሰፊ ነው፣ ክርን ያስደግፋል፣ ረከቦት ይችላል። አያቶቻችን ድንጋዩን የደረደሩት ለከብት ይመስለን ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አፍላሊዋ አቦሉን ቀድታ ሲኒውን ካቡ ላይ ታኖራለች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ተጋባዧ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ትመጣለች፣ ሲኒዋን ታነሳለች፣ ሁለት እርምጃ ትመለሳለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሱ ካቡ ላይ ይገናኛሉ፣ ሁለቱም ይደነግጣሉ፣ «አንቺ ቅደሚ»፣ «ኧረ አንቺ፣ በሞቴ» ይባላል፤ በዚህ መሀል ቡናው ይቀዘቅዛል። ሁለት አገሮች እስረኛ ሲለዋወጡ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ እንደሚያደርጉ እገምታለሁ።

ከባዱ ጉዳይ የሲኒው ነበር። ሐኪሞቹ እያንዳንዱ በየራሱ ዕቃ እንዲጠጣ መክረዋል። የራስን ሲኒ በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ ወደ ጎረቤት ቡና መሄድ ግን በጋፋት ታሪክ ታይቶ አይታወቅም፤ «ሲኒሽ አይታጠብም» ከማለት አይለይም። መጀመሪያ ላይ ሲኒ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ለሳምንት ተኮርፋለች፤ ኩርፊያው መራራቁን በማስከበር ረገድ ከየትኛውም መመሪያ የበለጠ ውጤት አስገኝቷል። በኋላ መፍትሔ ተገኘ። ሲኒው ከአፍላሊዋ ረከቦት ሳይወጣ ለየሰው ይታደላል፤ የአንዷ ቀይ ክር ታስሮበት፣ የሌላዋ ከንፈሩ የተሸረፈው ሆኖ። የተሸረፈው የደረሳት ሴት ለምን እሷ እንደተመረጠች በመጠየቋ ሁለተኛው ኩርፊያ ተከትሏል።

የካብ ቡና ትልቁ ጉዳት የደረሰው በሐሜት ላይ ነው። ሐሜት በተፈጥሮው ከአንድ ክንድ በላይ አይጓዝም፤ ከዚያ ካለፈ ስሙ አዋጅ ነው። ሁለት እርምጃ ተራርቆ፣ በዚያም ላይ አፍን በነጠላ ሸፍኖ ማማት ድምፅ ከፍ ማድረግን ይጠይቃል። የመንደሩ ሴቶች መጀመሪያ ስም በመተው ሞከሩት። «ያቺ» እና «የዚያ ልጅ» ብቻ እየተባለ የተወራ ወሬ ሲበዛ፣ ሁለቱ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲያወሩ ቆይተው በረካ ላይ የሚነቁበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ስም ተመለሰ፤ ድምፅም ከፍ አለ። አንድ ቀን ስለ አንዲት ጎረቤት የበግ ሽያጭ እየተወራ ሳለ፣ ከሦስተኛው ካብ ወዲያ ሰሐን የምታጥበው ባለ ጉዳይዋ ቀና ብላ «ሦስት ሺህ አይደለም፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው፤ ለባሌ ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው ያልኩት» ብላ አረመች። ከዚያ ቀን ወዲህ በጋፋት የሚወራው ሁሉ የተረጋገጠ ሆነ። የሚጓጓለት ሰው ግን አነሰ። ባልዬውም ካብ አለው፣ እሱም ሰምቷል።

የዚህ ጥናት ዋነኛ ግኝት ከዚህ ዘርፍ የመጣ ነው። የጥበት ሕግ ብዬዋለሁ። በአቦል ላይ በጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት ሁለት እርምጃ ሙሉ ነው፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሁሉም ስለ በሽታው ያወራል፣ ጥንቃቄው የሚደነቅ ነው። በቶና ላይ ቆሎ ይመጣል። ቆሎ አይወረወርም፤ እጅ ይዘረጋል፣ ርቀቱም አንድ እርምጃ ይቀራል። በበረካ ላይ ካቡ የሚያገለግለው ለመቀመጫ ነው። ሕጉ ዝናብ በጣለበት ቀንም፣ ተጋባዦቹ የተኳረፉ በሆኑበት ቀንም አልተሻረም። አንዲት እናት በረካውን ይዛ፣ ጎረቤቷን በትከሻዋ እየነካች፣ «ከሰው መራቅ እንዴት ይከብዳል እቴ» ስትል ሰምቻለሁ፤ ጎረቤቷም በትከሻዋ መልሳ እየነካቻት «ኧረ ተይኝ» ብላታለች።

ዘርፍ አምስት ስለ ተመላሽ ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤት ሲሸኙ ከከተማ የመጣ ልጅ ሁሉ በመንደሩ ተፈራ፤ አባት ልጁ ማድ ቤት ለ14 ቀን ብቻውን እንዲቀመጥ ወሰነ፣ እናትም ተስማማች። ምግቡን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ከዚያ በልቶ እንደሆነ ለማየት ትመለሳለች። ከዚያ ለምን እንዳልጨረሰ ለመጠየቅ ትገባለች። ከዚያ ግንባሩን ዳብሳ ትኩሳት እንደሌለው ታረጋግጣለች፤ ትኩሳት ያለው ሰው መነካት የለበትም ተብሏልና። ሌሊት እንዳይበርደው ጋቢ ታለብሰዋለች፣ ማድ ቤቱም ጭር ስለሚል እዚያው ታድራለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ከማቆያው ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ተለይቶ የቆየው ሰው አባትዬው ሆኖ ተገኝቷል።

ዘርፍ ስድስት የቡሄ ጅራፍ ነበር። ከመሣሪያዎች ሁሉ ሁለት እርምጃን በእውነት የሚያስከብረው እሱ ብቻ ስለሆነ ከጥናቱ ዓላማ ውጪ ነው። ዘርፍ ሰባት ሲመረመር የጥበት ሕግ እንደገና የታየበት ብቻ ሆነ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ እዚያው እየገቡ ስለሆነ ክፍፍሉን ከዚህ በላይ መቀጠል ወረቀት ማባከን ነው። የፋሲካው ቅርጫ ብቻ ይነገር።

ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር፤ አዋጁ ከታወጀ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ሁለት ወር ጾመው የከረሙ አሥራ ስድስት አባወራዎች አንድ በሬ ገዝተዋል፤ ሕጉ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ አይፈቅድም። ጉዳዩ በጥልቀት ተመከረበትና አራት አራት ሰዎች ያሉባቸው አራት ስብሰባዎች እንዲካሄዱ ተወሰነ፤ አራቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በሬ ዙሪያ። ስብሰባዎቹ አይተዋወቁም። ሥጋው ቅጠል ላይ ተመደበ። ዕጣ ለመጣል እያንዳንዱ ያዋጣው ጠጠር፣ ቁልፍና ስንጥር ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ አስቀድሞ በአረቄ ታጠበ፤ አረቄው ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ይህ ጥናት አልተከታተለም።

ጠጠሮቹ ሲቆጠሩ አሥራ አምስት ሆኑ። የማን እንደጎደለ እየተጠያየቁ ሳለ ከላይ በኩል ሜጋፎን የያዘ የቀበሌ ሰው «መሰብሰብ ክልክል ነው! ተበተኑ!» እያለ ወረደ። ማንም አልተነሳም። ሰውዬው ደረሰ፣ ሜጋፎኑን ካብ ላይ አስቀመጠ፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ አረቄው ውስጥ ነከረ፣ አራተኛው ስብሰባ አራተኛ ሰው አገኘ። ዕጣው ሲወጣ አጥንት የበዛበት መደብ ደረሰው። ተነሳና ሜጋፎኑን መልሶ ያዘ፤ ስለ መደቡ ያለውን ቅሬታም በዚያው አሰማ፣ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ።