ሰባቱን አለመንካት

በእስራኤል ሕግ በመኖሪያ ሰፈር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ደግሞም ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጮክ ያለ ሙዚቃ ማሰማት ክልክል ነው። (ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የጻፍኩት ለአማቴ ስል ነው፤ እሳቸው "አሥራ አራት ሰዓት" የሚባል ነገር መኖሩን እስከ ዛሬ አልተቀበሉም።) ሕጉ የወጣው ለጎረቤት ታስቦ ነው። እኔ ጊታር መማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ከዋና ተጠቃሚዎቹ አንዱ የገዛ ግራ እጄ ሆኗል፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በሕግ ያርፋል።

ኔቬ ዮሴፍ ሐይፋ ውስጥ፣ በቀርሜሎስ ተራራ ምሥራቃዊ ቁልቁለት ላይ ያለ ሰፈር ነው። ሕንፃው አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድሮ፣ በመካከሉ ደረጃ፣ ከደረጃው ማዶ የባሕሩ ወሽመጥና የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ። ከሀገር ቤት የመጣነውም፣ ከሩሲያ የመጡትም እዚያው ተሰካክተን እንኖራለን። አቀማመጡ ለዓይን መልካም ነው፤ ለምስጢር ግን አይሆንም። መስኮት ከፍቶ ክር የነካን ሰው ከላይም ከታችም ያለ ይሰማዋል። እታች ፎቅ ያሉት ሩሲያዊት ጡረተኛ ባለቤቴን ደረጃ ላይ አቁመው፣ በታላቅ ትሕትና፣ "ባልሽ ጊታሩን ጠግኖ የሚጨርሰው መቼ ነው?" ብለው ጠይቀዋታል።

ጊታሩ የልጄ ነው። ወታደር ቤት ሲገባ ጥሎት ሄደ፤ እኔም ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ሲጠጣ ማየት ስላልሆነልኝ አነሳሁት። መምህር አገኘሁ፤ ከኦዴሳ የመጣ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ ኔቬ ሻአናን የሚኖር ሰው። ዕብራይስጥ በሁለታችንም አፍ ስለሚሰበር የቀረውን በእጅና በቅንድብ እንጨርሰዋለን። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ጊታሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ በቤተሰቡ ፊት ላይ የሚታየው ደስታ የሰንበት ብቻ ነው ብዬ አምኛለሁ።

መምህሬ ኮርድ ካስተማረኝ በኋላ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አሁን ፔንታቶኒክ ልንገርህ" አለኝ። አቀራረቡ የርስት ካርታ የሚሰጠኝ ያስመስል ነበር። አምስት ድምፅ ብቻ! ቻይናዎቹ የሚዘፍኑበት፣ የስኮትላንድ እረኞች የሚያንጎራጉሩበት፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝን የሠሩበት፣ የሮክ ጊታሪስት ሁሉ እንጀራ የሚበላበት። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ከወፍራሙ ክር ጀምረህ አምስተኛውንና ስምንተኛውን ፍሬት ትይዛለህ፤ በቀጣዮቹ ሦስት ክሮች አምስተኛውንና ሰባተኛውን፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት እንደገና አምስተኛውንና ስምንተኛውን። ይህ የመጀመሪያው ቅርፅ ነው። እንዲህ ያለ ቅርፅ አምስት አለ፤ አንዱ ካንዱ እየተያያዘ እስከ 12ኛው ፍሬት ይዘልቅና እዚያ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። "አምስት ድምፅ ብቻ" ያለኝ ሰው አምስት ካርታ አሸክሞ ሰደደኝ።

የጊታር ክፋቱ ምንም አለመደበቁ ነው። አሥራ ሁለቱንም ድምፅ በየፍሬቱ ደርድሮ ያቀርብና "የምትፈልገውን አምስት ምረጥ፣ ሰባቱን ተዋቸው" ይላል። ለሐበሻ ደግሞ ይህ ከባድ ነው። ሠርግ ቤት ገብተህ፣ በአንድ ረድፍ ከተቀመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች አምስቱን ብቻ ስመህ ሰባቱን እንዳላየህ ማለፍ ማለት እኮ ነው። የእኔ ጣት ጨዋ ነው። ስድስተኛውን ፍሬት ሲያልፍ ሰላም ሳይለው መሄድ ያሳፍረዋል፤ ታዲያ ያቺ ሰላምታ እታች ፎቅ ድረስ ትሰማለች።

ክራር እንዲህ አያደርግም። ክራር ተጫዋች ፈተናውን ሁሉ ገና ሳይጀምር ይጨርሰዋል። አምስት ወይም ስድስት ክሩን በሚፈልገው ቅኝት ያስርና፣ ከዚያ በኋላ የማይፈለግ ድምፅ ከነጭራሹ ቤት ውስጥ የለም። ጠቅላላውን እየገረፈ ሲመታ የግራ እጁ ሥራ ለጊዜው የማይፈለጉትን ክሮች ማፈን ነው። በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትቀመጥ ሰባቱ ድምፆች ከደጅ ቀርተው ነበር። ፒያኖ የመረጠ ሰው ግን የእኔ ዕጣ ይደርሰዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1984 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሲኖሩ፣ ጣታቸው ሥር የነበረው ያው አሥራ ሁለት ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው። እሳቸው ማንን ሰላም ብለው ማንን እንደሚያልፉ ያውቁበት ነበር፤ ልዩነታችን ይህችው ብቻ ናት።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሕጉ የሚፈቅደው ሰዓት ሲደርስ፣ የመጀመሪያውን ቅርፅ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አማቴ ቡና ይቆላሉ። ወንድማቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቡናውን ይጠብቃሉ።

"ባቲን ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትቀጠቅጠው?" አሉ አማቴ፣ ከምጣዱ ቀና ሳይሉ።

"እማማ፣ ባቲ አይደለም፤ ፔንታቶኒክ ነው" አልኩ።

"ባቲ ነው።"

"ትዝታ ነው እንጂ!" አሉ ጋሼ። "አንቺ ደግሞ ወሎን ረግጠሽ የምታውቂ ይመስል።"

"አንተስ መች ረገጥህ?"

ሁለቱም የጎንደር ሰዎች ናቸው፤ የሁለቱን ቅኝቶች አገር፣ ወሎን፣ የሚያውቁት በሬዲዮ ነው። ክርክሩ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪሆን ቆየ። እኔ ወደ ደብተሬ ዞርኩ፤ ነገሩን ድምፅ በድምፅ ስፈትሸው ያገኘሁት ሽማግሌ ሳያስፈልግ የሚያስታርቅ ነበር። መምህሬ ሚነር ፔንታቶኒክ የሚለው፣ ከላ ተነሥቶ ላ ላይ የሚያርፈው፣ እኛ ዘንድ ባቲ ሚነር ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከዶ አስነሥተህ ዶ ላይ ብታሳርፋቸው፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ። አንድም ድምፅ አልተጨመረ፣ አልተቀነሰ፤ የተለወጠው ማረፊያው ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ስወጣና ስወርድ የትም አላረፍኩም ነበር። አማቴ በራሳቸው ጆሮ ላ ላይ አሳረፉኝ፤ ጋሼ ዶ ላይ። ሁለቱም ያልተጫወትኩትን ዘፈን ነው የሰሙት።

ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ብዙም አልተደነቁም። "አምጣው እስቲ" ብለው ጊታሩን ተቀበሉኝ። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ክራር ይመቱ ነበር። ጊታሩን ሽቅብ አቁመው፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ምንም ፍሬት ሳይነኩ ክሮቹን አንድ በአንድ ከላይ እስከ ታች አዳመጧቸው። እንደገናም አዳመጧቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይኸ እኮ ተቃኝቶ የመጣ ነው!"

"እንዴት ተቃኝቶ?"

"እንዴት ትለኛለህ? ጆሮ የለህም?"

የጊታር ክሮች ሳይያዙ፣ ከወፍራሙ ጀምሮ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። የተደገመውን ሚ ትተህ በተራ ስታሰልፋቸው ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፤ ልክ አምስት፣ አንድም ባዕድ የለበትም። ሚ ላይ ስታሳርፈው ባቲ ሚነር፣ ሶል ላይ ስታሳርፈው ትዝታ ሜጀር። በተለመደው መንገድ የተቃኘ፣ በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጊታር ሁሉ የወሎን ቅኝት ተሸክሞ ነው የተሰቀለው። እኔ አምስተኛው ፍሬት ላይ ጣቴን የማቆስልለት ነገር ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ባዶ ክሮቹ ላይ ነበር።

ጋሼ በግራ እጃቸው የማይፈልጉትን ክር እያፈኑ በቀኛቸው ይገርፉ ጀመር። ክሮቹ ሩቅ ለሩቅ ስለሆኑ ዜማው ከምድር ቤት ወደ ሰገነት ዘሎ ተመልሶ ይወርዳል፤ ያም ሆኖ ዜማ ነበር። አማቴ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ማንጎራጎራቸው ሚ ላይ ሲያርፍ የጋሼ እጅ ሶል ላይ ያርፋል። ክርክሩ አልቆመም ማለት ነው፤ ወደ ዘፈን ተዛወረ እንጂ። በመጨረሻ ጋሼ አንዷን ክር "ትንሽ ትደነቁራለች" ብለው መቃኛዋን በጥቂቱ ጠመዘዟትና ጊታሩን መለሱልኝ።

"ይኸን ሁሉ እያወቀ ነው ሰውዬው ገንዘብ የሚቀበልህ?"

በማግሥቱ መምህሬ ቅኝት መለኪያውን ሲያስጠጋ ጋሼ የነኳት ክር ላይ ቀይ በራ። "ማን ነካው?" አለ። ነገሩን በሙሉ ነገርኩት። ሙላቱ አስታጥቄን ያውቀዋል፤ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሰምቶት፣ ያ ሙዚቃ ለምን ተጠማዝዞ እንደሚሄድ ሲያስገርመው ኖሯል። ስለዚህ ዕድል አገኘሁና አምባሰልን አቀረብኩለት፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ወዲያው ገባው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ስታስነሣቸው ትዝታ ሚነር እንደሚሆኑ ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ "ይኸ ደግሞ እንደ ትናንቱ ነው" አለ። አዎ፤ የእኛ ቅኝቶች ቤት ይጋራሉ፣ በር አይጋሩም።

አንቺ ሆዬ ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለ። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ ሻርፕ። ሁለቱ ሁለቱ ተጣብቀው፣ አንዱ ብቻውን ርቆ። ጊታር ላይ አንደኛውን ፍሬት የያዘ ጣት ሳይነሣ ትንሿ ጣት አራተኛው ድረስ መንጠራራት አለባት። እኔ ሳደርገው ጣቴ ትንቀጠቀጣለች፤ እሱ ሲያደርገው ቅንድቡ ይነሣል። ከአምስቱ ካርታዎቹ አንዱም አልገጠመውም። ደጋግሞ ተጫወተውና እንደ ጠበቃ "ይኸ የት ነው የሚያርፈው?" አለኝ።

"ሚ ላይ" አልኩት።

"አያርፍም!" አለ። "ሚ ላይ ይቆማል እንጂ አያርፍም።"

እኔ የተማርኩት እስከዚያው ድረስ ስለሆነ "ጋሼን ልጠይቃቸው" አልኩ። ዓይኑ በራ። ሰውየውን ማየት እፈልጋለሁ፣ ማክሰኞ ይዘሃቸው ና፣ ክፍያውን አታስብ፣ የእኔ እንግዳ ናቸው አለኝ።

ማታውኑ ለጋሼ መልእክቱን አደረስኩ። ቡናቸውን ፉት ብለው አሰቡበት።

"ደረጃው ስንት ነው?"

"በአውቶቡስ ነው የምንሄደው፣ ጋሼ።"

"አንተን በሰዓት ስንት ያስከፍልሃል?"

ነገርኳቸው። ስኒያቸውን ለአማቴ መልሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ንገረው። ለእኔም ያችኑ ይክፈል፤ አንቺ ሆዬ ግን ለብቻው ነው።"