የማርሚታ ልክ በ1 ሊትር ቪትዝ ላይ፦ የመነሻ ጥናት

ይህ ጥናት የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በአዲስ አበባ መኪናውን «ያሳመረ» ወጣት የጭስ ማውጫውን ስፋት በምን ይወስናል? የውጭ ምሁራን ነገሩን ከሞተር መጠን፣ ከዙርና ከጭስ ሙቀት ጋር እያያያዙ ሲደክሙበት ኖረዋል። የኛ ሊቃውንት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግለዋል።

የጥናቱ መስክ የከተማችን ብየዳ ቤቶች ናቸው፤ ዕቃው እንደ ወጉ ከሶማሌ ተራ ይመጣል። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ባለሙያው ካርቶን አንጥፎ ከሥሩ ይገባና እዚያው ተጋድሞ ይጠይቃል።

«ስንት ኢንች ይሁንልህ?»

«ትልቁን፣ ጋሼ።»

«ትልቁ እኮ የአይሱዙ ነው።»

«እሱኑ ግጠምልኝ።»

«ትልቁ» የተባለው መለኪያ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት እስካሁን አልተመዘገበም፤ በተግባር ግን ሚሊ ሜትርን ካስናቀ ቆይቷል። ጥርጣሬ ከተነሣ ባለቤቱ እጁን ጨብጦ ወደ ቱቦው አፍ ይሰዳል። ከገባ ልኩ ትክክል ነው። (የእጅ ሰዓት ውጤቱን ስለሚያዛባ አስቀድሞ ይወልቃል።)

ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። የመጀመሪያው ቪትዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ፣ 1 ሊትሩ ሞተር 70 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጅቡቲ ሽቅብ ሲመጣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ እንዲያውም ከዚያ በላዩን በመንገድ ጥሎ ይደርሳል። ቀረ ሃምሳ ምናምን ፈረስ። ባለ 3 ኢንች ቱቦ ደግሞ በዘርፉ ልማድ ከ300 ፈረስ በላይ ያለውን ሞተር ያስተነፍሳል። የጎደሉት 250 ፈረሶች የት እንዳሉ ጥናቱ ሊደርስበት አልቻለም፤ ባለቤቱ ግን እየመጡ ነው ይላል።

ጭስ እንዲያው ቀዳዳ ስላገኘ ብቻ አይወጣም። ከየሲሊንደሩ በተራ እየተገፋ ነው የሚመጣው፤ ፈጥኖ ያለፈው ከኋላው ግፊቱ የቀነሰ ክፍተት ትቶ ስለሚሄድ ተከታዩን ይስበዋል፤ ሲሊንደሩም ተጠርጎ አዲስ አየር ይቀበላል። ለዚህ ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋል። የቱቦው ዲያሜትር ከ1 ኢንች ተኩል ወደ 3 ኢንች ሲያድግ አፉ አራት እጥፍ ይሰፋል፤ የጭሱ ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሲንቀራፈፍም ይበርዳል። ኪሳራው የሚታየው በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ እንጦጦ ይገባል። ሁለተኛ ማርሽ አልችልም ይልና ወደ አንደኛ ይወረዳል፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይለቀዋል፤ ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ የሚናገረውን ግን ባለቤቱ አይሰማም። ይህ ከሰፊ ማርሚታ የማይካዱ ጥቅሞች አንዱ ነው።

«ማርሚታውን ካስቀየርኩ ወዲህ መኪናዬ ተነቃቅታለች» የሚል ተቃውሞ መቅረቡ አይቀርም። የተነቃቃው ሹፌሩ ነው። በማርሚታው ሆድ ያለው ብስ ቱቦና ድምፅ የሚውጠው ቃጫ ተጎልጉሎ ሲወጣ፣ በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ120 የሚበር ይመስላል። የፍጥነት መለኪያው 40 ብሎ ድርቅ ስለሚል፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት መለኪያው ተበላሽቷል ወደሚለው ድምዳሜ ያዘነብላሉ።

ባለ ተርቦ መኪና ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከተርባይኑ በኋላ ያለው መንገድ ሲሰፋለት በርግጥ ይጠቀማል። የኛው ቪትዝ ግን ያለው ተርቦ ሳይሆን «ተርቦ» የሚል ስቲከር ነው።

ዘርፉ ራሱ አደጋ አንዣቦበታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በምትካቸው የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እንግዲህ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በሰላም ቤቱ መግባቱን ለሰፈሩ በምን እንደሚያስታውቅ መጪዎቹ ተመራማሪዎች ሊያስቡበት ይገባል።

እስከዚያው ተግባራዊ ምክር ለሚሻ አንባቢ፦ ለ1 ሊትር ቪትዝ ትክክለኛው የማርሚታ ልክ ፋብሪካው ገጥሞ የላከው ነው። ዝጎ ከተበሳ በዚያው ልክ ያስበይዱት፤ ፋሸታውን ያስጠብቁ፤ በተረፈው ገንዘብ ካንዴላና ፊልትሮ ይግዙ።