የልብ ምት አለካክ በመርካቶ ደንብ

ልብዎ ሲዘል፣ ቀጥ ሲል፣ ደግሞ ሲጋልብ ከተሰማዎት ሐኪም ቤት አይሂዱ። ካርድ ማውጣት አለ፣ ወረፋ አለ፣ ሱቅ ለልጅ ጥሎ መውጣት አለ። መፍትሔውን እዚያው ጭድ ተራ አካባቢ ጠይቀው ይግዙ፤ መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም።

በሰዓት ይጀምሩ። ከጀርባው አረንጓዴ መብራት ካለው መካከል ርካሹን ይምረጡ። መብራቱ ቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም እየተከተለ ምት ይቆጥራል፤ ርካሾቹ ደም ባይኖርም አይቸገሩም፣ ሙዝና የሶፍት ጥቅል ላይ ታስረው ምት ሲቆጥሩ ታይተዋል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» ካለዎት ይበቃል። አንድ እስር ጭድ ላይ አስሮ መሞከር ግን ነውር ነው፤ ጭዱ 72 ቢያወጣ ማን ሊያስታምመው ነው?

ቀጥሎ ምትም የሚቆጥረው የደም ግፊት መለኪያ። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር፣ ጀርባን ደግፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ ክንድ በልብ ትክክል ይረፍ የሚሉ ሐኪሞች ጭድ ተራ ውለው አያውቁም። እርስዎ ኩንታል አውርደው፣ ሦስተኛዋን ስኒ ጨልጠው፣ ጫቱ በጉንጭዎ እንዳለ፣ ከደላላ ጋር እየተጨቃጨቁ፣ በጃኬቱ ላይ ይለኩ። በእረፍት ላይ ያለ ሰው ምት ከ60 እስከ 100 ነው፤ የእርስዎ 130 ሲል ይደንግጡና ወዲያው ይድገሙት። ድንጋጤው ራሱ ይጨምርበታል፤ ጎረቤት ጠርተው የሱንም ይለኩ። ብዙዎቹ መለኪያዎች ምት ሲዛባ ትንሽ የልብ ምልክት ያበራሉ። ምልክቷን ካዩ ባትሪው አልቋል ማለት ነው ብለው ባትሪ ይቀይሩ።

ዘመድ ከአሜሪካ ሁለት ጣት የሚያሳርፉበትን፣ በ30 ሰከንድ የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ (ኢሲጂ) የሚያነሳውን መሣሪያ ከላከልዎት ደግሞ ልብዎ ሰላም ሲሆን ብቻ ይጠቀሙበት። ሲረበሽ የተነሳው ነበር ለሐኪም የሚጠቅመው፤ እሱን ለሠርግ ቪዲዮ ቦታ እንዲለቅ ያጥፉት። ደረትዎን ጨምድዶ ከያዘዎትና መሣሪያው «ደህና» ካለ መሣሪያውን ይመኑ። የልብ ደም ሥር መዘጋትን አያይም የሚሉት ምቀኞች ናቸው።

በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭ አበላሽቶ፣ ዓመታት ቆይቶ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የተዛባ ምት ሊያመጣ መቻሉን አያንሱ። በሀገራችን ይህ ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ይዟል። የተዛባው ምት ደም ልብ ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው፣ አደጋው ምቱ ካልተዛባበት ሰው ወደ 5 እጥፍ ይደርሳል። ሐኪም ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ካዘዘልዎት ሰዓቱ ደህና ባለ ቀን ያቁሙት፤ የደም ምርመራ ቀጠሮውንም ይዝለሉ። ወይም በመርካቶ ሕግ አዲስ ዕቃ ይሻላል ብለው በአዲሱ ኪኒን ይለውጡት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ ሩማቲክ ሕመምና የተዛባ ምት ላለባቸው ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ወገን የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ለነጋዴ ግን ይህ ምን ይረባል?

ሁለት ጣት አንጓ ላይ አሳርፎ 1 ደቂቃ ሙሉ መቁጠር፣ ምቱ ወጣ ገባ ሲል ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ለሐኪም ማሳየት የሚባል ዘዴም አለ። ብር አይጠይቅም፣ ደላላም የለውም፤ ስለዚህ እንዳይሞክሩት።