ከርበሮስና የጋሼ ሰዓት

ብዙ ዳታ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያከማቸው ሃዱፕ፣ እንደተጫነ ሲተዉት የዋህ ነው። በሰርግ ድንኳን በር ቆሞ «የሙሽራዋ ወገን ነኝ» ያለውን ሁሉ እንደሚያስገባ ሽማግሌ፣ የነገሩትን ስም ያምናል። ላፕቶፕህ ላይ አንዲት መስመር ጽፈህ በዋናው ተጠቃሚ ስም «ኤችዲኤፍኤስ ነኝ» ካልከው፣ ያለ ፓስዎርድ የሁሉ የበላይ ያደርግሃል። መሥሪያ ቤታችን ይህን የሰማው ከኦዲተር አፍ ነው፤ ከዚያማ «ዛሬውኑ ይዘጋ!» ሆነ።

መዝጊያው ከርበሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤም አይ ቲ የጀመረው የአቴና ፕሮጀክት ልጅ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው በግሪኮች ተረት የሙታንን ደጅ ከሚጠብቀው ባለሦስት ራስ ውሻ ነው። ፓስዎርድህን በየሰርቨሩ አታዞርም፤ አንዴ ካወቀህ ቲኬት ይቆርጥልሃል። ሰዓትህ ከእሱ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከራቀ ግን የቆየ የተሰረቀ ቲኬት ይዘህ የመጣህ ይመስለዋል፤ ወይ ንቅንቅ!

ከርበሮስን ጭነን የማሽኖቹን ክላስተር አስነሣን። ዳታ ከሚይዙት ማሽኖች አንዱ፣ አንድ ዳታኖድ ብቻ፣ እምቢ አለ። የከርበሮስ ቁልፉን የያዘውን የኪታብ (keytab) ፋይል ደግመን አወጣን፣ ዲኤንኤሱን በረበርን። አንዱ ባልደረባችን ጠበል እንርጨው እስከ ማለት ደረሰ። ሎጉ «የሰዓት ልዩነቱ ከልክ አልፏል» እያለ ይጮሃል፤ ማን ይስማው? ቀና ብለን የግድግዳውን ሰዓት ብናይ 3፡40፣ ሰርቨሩም 3፡40!

ለካ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ፣ ጋሼ፣ የማሽኑን ባትሪ ሲቀይሩ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ሞልተውታል። ፋየርዎሉ ሰዓት አስተካካዩን ኤንቲፒን ስለዘጋ የሚያርመው አልተገኘም።

«ጋሼ፣ ለማሽኑ እኮ አሁን 9፡40 ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ አይደለም እንዴ?» አሉ። ምን ይመለሳል?

ሰዓቱ ተስተካክሎ ውሻው አሳለፈን። የፈቃዱ ነገር ግን ከኮምፒውተር ይልቅ ከወንበር ጋር የተያያዘ ነው። ሬንጀር በተባለው የፈቃድ መቆጣጠሪያ ላይ የትኛውን ቴብል ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ እያልን በሥራ ድርሻ ስንከፋፍል፣ የክፍል ኃላፊዎች «ለኔ ሁሉንም ክፈትልኝ» እያሉ ተሰለፉ። አንደኛውን ምን እንደሚሠሩበት ብጠይቃቸው፣ «ምንም! ግን የበታቾቼ የሚያዩትን እኔ ሳላይ ልቅር?» አሉኝ።

ማንበብ ብቻ ፈቀድኩላቸው። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ገብተው አያውቁም፤ ኦዲት ሎጉ ምስክሬ ነው።